ግፊት ያለባት ነፍሰ ጡር የት ትከታተል? ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ካዛንቺስና አካባቢው ለእርግዝና ክትትል ቦታ አይጠፋም። ጤና ጣቢያ አለ፣ የግል ክሊኒክ አለ፤ እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ዘውዲቱና ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታሎች አሉ። ግፊት ወይም ከልክ ያለፈ ውፍረት ካለብዎ ግን ቅርበት ብቻውን አይበቃም።

መጀመሪያ ክንድዎ ላይ የሚጠቀለለውን ጨርቅ ይዩ። የክንድዎ ዙሪያ ከ33 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሰፊውን ይጠይቁ፤ ጠባቡ የሌለ ግፊት ያሳያል። ደረጃ ወጥተው እንደገቡ አይለኩ፣ አምስት ደቂቃ ይረፉ። ተደጋግሞ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ነው። 160/110 ከደረሰ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነች ሴት ከእርግዝና በፊት 77 ኪሎ ከመዘነች በሐኪም መለኪያ ከልክ በላይ ወፍራለች። በሰፈሩ መለኪያ «አማረባት» ነው። ቢሆንም እርግዝና መክሻ ጊዜ አይደለም፤ ለእንዲህ ያለችው እናት እስከ መውለጃዋ ከ5 እስከ 9 ኪሎ መጨመር ይበቃታል።

ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን የሚወስዱ ከሆነ ማርገዝዎን እንዳወቁ ለሐኪም ይንገሩ። ጽንሱን ስለሚጎዱ በሜቲልዶፓ ወይም በኒፈዲፒን ይቀየራሉ። ስለ አነስተኛ መጠን አስፕሪንም ይጠይቁ፤ ለሚያስፈልጋት ሴት ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ 20ኛው ሳይደርስ ነው የሚታዘዘው። ሳይጠየቅ ጊዜው ያልፋል።

ካርድ ከማውጣትዎ በፊት እነዚህንም ይጠይቁ፦ በየቀጠሮው ሽንቴ ለፕሮቲን ይመረመራል? ግፊት የሚያመጣውን መንዘፍዘፍ የሚከላከለው ማግኒዝየም ሰልፌት ሁልጊዜ አለ? ሌሊት ኦፕራሲዮን ይሠራል? ካልተሠራ ወዴት፣ በምን መኪና ነው የምትልኩኝ? «አይዞሽ» መልስ አይደለም።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራ የሄዱ እናቶች የድሮውን ጤና ጣቢያ ባይተዉ አይገርምም። ሌሊት አይን ብዥ ሲል፣ ከጎድን አጥንት በታች በቀኝ በኩል ሲወጋ፣ ፊትና እጅ ሲያብጥ ግን የሚያድነው ቅርቡ ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አደጋው በመውለድ አያበቃም፤ የሚያንዘፈዝፈው ሕመም በአራስ ቤትም ይመጣል። ስለዚህ ቤተ ዘመድ፣ አራሷ «ራሴን» ካለች ምች ነው ብላችሁ ዳማከሴ ከማሸታችሁ በፊት ግፊቷን አስለኩ።