የተማሪ ድርሰትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት

ጥያቄ፦ በሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ የሚማሩ ልጆች የእንግሊዝኛ ድርሰት ቻትጂፒቲ በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ሲያጽፉ፣ የቋንቋ መምህራን እንዴት ያዩታል?

መልስ፦ መምህራኑ አንድ አቋም የላቸውም። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ አንዳንዶቹ እንደ ኩረጃ፣ ሌሎቹ ሰዋስው እንደሚያርም ረዳት ይቆጥሩታል። ትልቁ ሥጋት ግን ድርሰት የሚሰጠው ሐሳብ የማደራጀት ልምምድ መቅረቱ ነው፤ ሌላ የጻፈው ለተማሪው ችሎታ አይጨምርለትም። በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ጉዳቱ ወደ ሌሎች ትምህርቶችም ይዘልቃል።

በሞጆ ጉዳቱ ተማሪውን ሥራ ላይም ይከተለዋል። በመርከብ መጥቶ ደረቅ ወደቡ የሚገባ ኮንቴይነር የጭነት ሰነዱ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ስለተጎዳ ዕቃ ደብዳቤ የሚጽፍ ሠራተኛም ያየውን በትክክል ማስፈር አለበት፤ መሣሪያው ኮንቴይነሩን አላየውም።

በማሽን የተጻፈውን እንለያለን የሚሉ ሶፍትዌሮችን ማመን ግን አደገኛ ነው። በዚያው በ2015 ዓ.ም. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲፈትሿቸው፣ ሶፍትዌሮቹ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላይ የማሽን ሥራ ብለዋቸዋል። በእንዲህ ያለ ማስረጃ ብቻ ተማሪን መቅጣት ግፍ ነው። የተሻለው ዘዴ የመጀመሪያውን ረቂቅ ክፍል ውስጥ በእጅ ማስጻፍ፣ ተማሪውን ስለ ጽሑፉ በቃል መጠየቅ፣ መሣሪያውንም ከዚያ በኋላ ለእርማት ብቻ መፍቀድ ነው።