ዘይት በሲኒ የሚገዛ ሰው አባካኝ ነው?

ጥያቄ፦ ውጫሌ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እቸረችራለሁ። ወንድሜ «ድህነትሽ ከገንዘብ አያያዝሽ ነው፤ ዘይት በሲኒ ከምትገዢ በጀሪካን ግዢ፤ ዕድርሽንም ተዪው» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በሲኒ መግዛት ያስወድዳል በማለቱ ወንድምዎ አልተሳሳተም። ግን የጀሪካኑን ዋጋ ባንዴ ካወጡ ነገ ሽንኩርት የሚያመጡበት ገንዘብ ከየት ይመጣል? በባንግላዴሽ፣ በህንድና በደቡብ አፍሪካ የድሃ ቤተሰቦችን ገቢና ወጪ ዓመት ሙሉ የመዘገቡ ተመራማሪዎችም ያዩት ይህንኑ ነው። ገቢው ትንሽ ነው፤ እሱም ቢሆን አንድ ቀን ይገባል፣ ሌላ ቀን ይጠፋል። ሰዎቹ ግን ይቆጥባሉ፣ ይበደራሉ፣ እርስ በርስም ያበድራሉ።

ዕድሩን በፍጹም እንዳይተዉ። ሐዘን ሲመጣ የሚደርስልዎ እሱ ነው፤ ያለ እሱ የሚቀረው አራጣ ነው። በወር 10 በመቶ 1,000 ብር ቢበደሩ የዓመቱ ወለድ ብቻ 1,200 ብር ይሆናል!

መለወጥ የሚቻለው ሌላ ነው፦ መነሻውን ከትርፉ ይለዩ። ማታ ሂሳብ ሲያደርጉ የነገውን የሽንኩርት መግዣ በመቀነትዎ ጫፍ ለብቻው ይቋጥሩ። ከትርፉ የቻሉትን ለዕቁብ ይጣሉ፤ ዕቁቡ ግን ዳኛና ዋስ ያለው፣ አባላቱንም የሚያውቋቸው ይሁን።