የማኅበር ሙሴን እጅ ስለ መደገፍ

ቤተ ክርስቲያን የምንላት በእንጨትና በድንጋይ የታነጸችው ሕንጻ ብቻ አይደለችም፤ በአንዲት ጥምቀት የተወለዱ፣ ከአንድ ማዕድ የሚሳተፉ ምእመናን አንድነትም ናት። ሕንጻው ሐናጺ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ይህም አንድነት ሐናጺ ያስፈልገዋል። ስለ ሕንጻው ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ በዛሬው ትምህርታችን ግን ሰውን ከሰው እያስተሳሰሩ ማኅበርን ስለሚያንጹት ወገኖችና ለእነርሱ ልናደርግላቸው ስለሚገባን ነገር ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ከተማ አጠገብ፣ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። የዋግ ሹማምንት እንደ ሆነ የሚነገርለት፣ ሳይበሰብስ የቆየ አስከሬን በሣጥን ሆኖ በዚያ ይገኛል። አለቱን የፈለፈሉት ጠራቢዎች ግን ስማቸው አልደረሰንም፤ የእጃቸው ሥራ ይታያል እንጂ እነርሱ አይታወቁም። በየአጥቢያው ማኅበርን የሚያንጹትም ሰዎች ዕጣቸው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው ቢሉ፣ በየደብሩ የምናውቃቸው ናቸው። በብዙ አጥቢያ ሙሴ እየተባለ የሚጠራው የጽዋ ማኅበሩና የሰንበቴው መሪ አንዱ ነው። ጠላውን የሚጠምቁት፣ ዳቦውን የሚጋግሩት እናቶች፣ ሕፃናትን ፊደል የሚያስቈጥሩት የኔታ፣ በከተማም የዕድሩ ዳኛና ለፋፊ ከእነርሱ ጋር ይቈጠራሉ። ሰንበቴ በዓመት 52 ጊዜ ይመጣል። ተራው የማን እንደ ሆነ የሚያስታውስ፣ የተጣሉትን ከጽዋው በፊት የሚያስታርቅ፣ አዝመራው የከዳውን አባል ሌላው ሳያውቅበት ተራውን የሚያሸጋግርለት፣ ከደጀ ሰላሙ የተቀመጠውን ድኻ ሳይበላ እንዳይሄድ የሚመለከት ሙሴው ነው። ሥራው በደኅና ሲከናወን ማንም አያስተውለውም፤ አንድ ቀን የጐደለ እንደ ሆነ ግን ሁሉ ያጕረመርማል።

ስሙ ራሱ ያስተምረናል። በኦሪት ዘጸአት እንደ ተጻፈ፣ እስራኤል ከአማሌቅ ጋር በራፊዲም በተዋጉ ጊዜ የሙሴ እጅ እስከ ተነሣ ድረስ ሕዝቡ ድል ያደርግ ነበር፤ እጁ ሲዝል ግን ጠላት ይበረታ ነበር። ያን ጊዜ አሮንና ሆር ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ሆነው ፀሐይ እስክትጠልቅ እጁን ደገፉት። እንግዲህ እግዚአብሔር የመረጠው ነቢይ እንኳ እጁ ከዛለ፣ የእኛ ማኅበር ሙሴ እንዴት አይደክምም? ለማኅበራችን ሙሴ መሾሙን አልዘነጋነውም፤ አሮንና ሆር መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል።

ይህ ነገር ዛሬ በዋግ ምድር ይልቁን የሚያሳስብ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረውና ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ስምምነት በቆመው ጦርነት ምክንያት፣ ከአበርገሌ ወረዳ ከኒሯቅና ከአካባቢው ብዙ ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ወደ ሰቆጣና ወደ ሌላም ስፍራ ተሰዶ ነበር። ቍስሉ ሳይጠግግ በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጸና፤ የዚያ ቈላ ሕዝብ ኑሮው የሆነው ፍየልም ተጐዳ። ቤት ቢፈርስ በእንጨትና በቆርቆሮ ይሠራል፤ የተበተነ ማኅበር ግን በዚህ አይሠራም። ማን ከማን ጋር ጽዋ ይጠጣ እንደ ነበር፣ የማን ልጅ ወላጁን እንዳጣ፣ ማን በአፍረት ከሰው እንደ ራቀ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ተስፋ ቈርጦ እጁን ካጠፈ፣ ተመላሹ ሁሉ በየቤቱ ብቻውን ይቀራል።

መንግሥትም ቢሆን ያለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሥራው አይቃናለትም። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በዚሁ አገር ስም ተጠርቷል። ይሁን እንጂ የትኛው ቤት ድስት እንዳልተጣደ ከሁሉ በፊት የምታውቀው ጎረቤቲቱ ናት።

ምናልባት፣ ምስጋና ውዳሴ ከንቱን ያመጣል፤ ቀኝ የሠራውን ግራ አይወቅ ተብሏልና ዝም ማለት ይሻላል የሚል ይኖራል። ይህ ጥንቃቄ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥራን የመሰወር ሕግ ለሠሪው እንጂ ለተቀባዩ አልተሰጠም። ምጽዋትን በስውር አድርጉ ያለው ጌታ ራሱ፣ ከተፈወሱት ዐሥር ለምጻሞች አንዱ ብቻ ተመልሶ ባመሰገነ ጊዜ የዘጠኙን ነገር ጠይቋል፤ ሽቱ ያፈሰሰችለትም ሴት ሥራዋ በዓለም ሁሉ እንዲነገር አዟል። ቅዱስ ጳውሎስ የእስጢፋኖስን ቤተ ሰዎች ቅዱሳንን ለማገልገል ራሳቸውን ስለ ሰጡ እንዲያውቋቸው ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል፤ ለሮሜ ሰዎችም ፌቤንን በሚያስፈልጋት ሁሉ እንዲረዷት አደራ ብሏል። ሐዋርያው ማወቅንና መርዳትን አንዱን ከሌላው አልለየም። ቅዳሴያችንም መባ ለሚያመጡት ይጸልያል።

ስለዚህ ልናደርገው የሚገባን ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ምስጋናው በሕይወት ሳሉ ይሁን። በኢዮጴ የነበሩት መበለቶች ዶርቃ ያደረገችላቸውን ልብስ እያሳዩ ያለቀሱት ከሞተች በኋላ ነበር፤ እኛም ሙሾ እስኪወርድ አንጠብቅ። ካህኑ በማኅበሩ በዓል ቀን አገልጋዮቹን በስማቸው ጠርቶ ይመርቃቸው፤ ሕዝቡ ኽምጥኛ ተናጋሪ በሆነበትም ስፍራ ምርቃቱ በሚሰሙት ቋንቋ ይነገር። ሁለተኛ፣ ሸክሙን እንካፈል። ዮቶር ለሙሴ የመከረው የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም ነው። አባቶቻችንም ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው ብለዋል። ለሙሴው ሁለት ረዳቶች ይሰጡት፤ አንዱ ወጣት ይሁንና ሥርዓቱን እያየ ይማር። ውኃና እንጨት በራቀበት ቈላ፣ ደጋሿ ጠላውን ስትጠምቅ ሌሎች ውኃውን ይቅዱላት፤ እንጨቱንም ይልቀሙላት። የየኔታም ቀለብ የአንድ ቤት ዕዳ ብቻ አይሁን። ሦስተኛ፣ ስለ ገንዘቡ ጥርጥር ቢነሣ ሐሜት አይቅደም፤ ሒሳቡ ሁለት ሰዎች በሚያውቁት መዝገብ ይያዝ፤ ጥያቄውም በፊቱ በፍቅር ይቅረብ። ብዙ ደግ አገልጋይ ከድካም ይልቅ በሐሜት እጁን አጥፏል።

አባቶች ካህናት፣ እናንተም ምእመናን! በሚመጣው ሰንበት ጽዋው ሲነሣ፣ ያን ቀን ማኅበሩ እንዲሰበሰብ ያደረገው ማን እንደ ሆነ እናስተውል፤ የዛለች እጁንም እንደግፍ። ሐናጽያኑን የሚያውቅ የማኅበራችን ጌታ ያጽናቸው፤ እኛንም አሮንና ሆር ያድርገን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።