ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር ከመግዛታችሁ በፊት

ሴሚስተር ሊጀምር ሲል አዲስ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የትኛውን ካልኩሌተር ልግዛ?» ግራፍ የሚስለው አዲሱ ቲአይ 84 ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጣል። ለብዙዎቻችን ቤተሰብ ይህ የአንድ ሙሉ ሺፍት ድካም ነው። ስለዚህ እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «የምትወስዱት የትኛውን ሂሳብ ነው? ሲላበሱስ ምን ይላል?»

በቴክሳስ ኮሚኒቲ ኮሌጆች የኮርስ ቁጥሩ ተመሳሳይ ነው። ዳላስ ኮሌጅም ሆነ ታራንት ካውንቲ ኮሌጅ ብትማሩ፣ ማዝ 1314 ኮሌጅ አልጀብራ፣ ማዝ 1342 ስታቲስቲክስ፣ ማዝ 2413 ደግሞ የመጀመሪያው ካልኩለስ ነው። እንደ እኔ ነርሲንግ ለሚማር ሰው ማሽኑ በደንብ የሚያግዘው ስታቲስቲክስ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። የአንድ ቡድን የላይኛው የደም ግፊት ኖርማል ስርጭት አለው እንበል፤ አማካዩ 120፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 10 ነው። ከ130 በላይ የሆኑት ስንት በመቶ ናቸው? በቲአይ 84 «ሴከንድ»ን ቀጥሎም «ቫርስ»ን ተጫኑና «ኖርማልሲዲኤፍ»ን ምረጡ። ታችኛው ወሰን 130፣ ላይኛው በጣም ትልቅ ቁጥር፣ አማካይ 120፣ ዴቪዬሽን 10 ብላችሁ አስገቡ። መልሱ 0.1587 ነው፤ 16 በመቶ ገደማ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ።

ቲአይ 84 ፕላስ ሲኢ ስክሪኑ ባለ ቀለም ነው፤ ባትሪውም ቻርጅ ይደረጋል። የቆየው ቲአይ 83 ፕላስ በአራት ትንንሽ ባትሪ ይሠራል፤ ከላይ ያለውን ስሌት ግን በዚያው ቁልፍ ይሠራዋል። ካሲዮ 9750 በዋጋ ይቀንሳል፤ ቁልፎቹ ስለሚለዩ ግን አስተማሪው በቲአይ ሲያሳይ እናንተ መመሪያ ማገላበጥ ሊኖርባችሁ ነው። ቲአይ 89ን እና ኢንስፓየር ካስን ከመግዛታችሁ በፊት አስተማሪውን ጠይቁ፤ አልጀብራውን ራሳቸው ስለሚፈቱ ብዙ ፈተና ላይ አይፈቀዱም። ደስሞስ ስልክ ላይ በነፃ ይገኛል፣ ለቤት ሥራም ግሩም ነው፤ ፈተና ክፍል ግን ስልክ አይገባም።

ያገለገለ ስትገዙ የባትሪውን ክዳን ክፈቱ፤ ዝገት ወይም ነጭ ዱቄት ካያችሁ ተዉት። ስክሪኑ ላይ የጠፋ መስመር አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞክሩ።

ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የዳላስ ኩባንያ ነው። ጃክ ኪልቢ በ1958 ኢንቴግሬትድ ሰርኪዩትን የሠራው፣ በ1967ም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የመጀመሪያውን የእጅ ካልኩሌተር ናሙና ያወጣው እዚሁ ነው። የአገራችን ልጅ ነው ብለን ግን ሁላችንም አዲስ መግዛት የለብንም።

ክሊኒካል ስንጀምር የሚያስፈልገን ሂሳብ ሌላ ነው። 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይሰጥ ከተባለ፣ በሰዓት 125 ነው። አንድ ነጥብ ብትዘዋወር ታካሚው አሥር እጥፍ ይወስዳል፤ ከዚያ የሚያድነን ውድ ማሽን ሳይሆን «ይህ መልስ ያስኬዳል?» ብሎ ማሰብ ነው። ኤንክሌክስ ፈተናም ላይ ተራ ካልኩሌተር ስክሪኑ ላይ ይሰጣል።

ስለዚህ፣ የተመረቃችሁ እህትና ወንድሞቻችን፣ እስቲ መሳቢያችሁን ክፈቱ። እዚያ የተኛው ቲአይ 83 ዘንድሮ ስታቲስቲክስ ለሚወስድ ልጅ ይበቃዋል። አውሱት፤ እሱም ሲጨርስ ለሚቀጥለው ያውሰዋል።

መልካም ሴሚስተር!