በአፈር ውስጥ ያለውን ውሃ ስንቀዳ የትኛውን ውጤት እንመን?

በአሶሳ አካባቢ ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ቀዩ አፈር ውሃውን በቀላሉ ወደ ታች ያሳልፋል፤ ውሃውም ሲወርድ ከማዳበሪያው የሚገኘውን ናይትሬት ይዞ ይሄዳል። ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ ከሰብሉ ሥር አልፎ እንደ ጠፋ ወይም እንዳልጠፋ ለማወቅ በአፈር ውስጥ ያለውን ውሃ ቀድተን እንመረምራለን። አቀዳዳችን ከተሳሳተ ግን ምክራችንም ይሳሳታል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬው ነው። ስለዚህ ሦስቱን መንገዶች እንመልከት።

1. አፈሩን ማድረቅ። በመሰርሰሪያ የወጣው አፈር ይመዘናል፤ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ደርቆ እንደገና ይመዘናል። 120 ግራም የነበረው 100 ግራም ቢሆን ርጥበቱ ከደረቁ አፈር ክብደት 20 በመቶ ነው። ስለ ውሃው መጠን ይህ የታመነ መንገድ ነው፤ ሆኖም ናሙናው ወዲያው ካልታሸገ ፀሐይ ሚዛኑን ትቀድመዋለች።

2. የሸክላ ጫፍ ያለው ቱቦ። ቱቦው ተቀብሮ አየሩ በፓምፕ ሲወጣ ውሃው በሸክላው በኩል ወደ ውስጥ ይሳባል። በበጋ ግን አፈሩ የቀረውን ውሃ አጥብቆ ስለሚይዝ ቱቦው ባዶ ይሆናል። አዲስ ሸክላም ፎስፎረስን ስለሚያስቀር መጀመሪያ የተቀዳው ውሃ መደፋት አለበት።

3. ሳፋ መቅበር። ሳፋው ከከባድ ዝናብ በኋላ በሥርና በምስጥ መንገድ ፈጥኖ የሚወርደውን ውሃ ይቀበላል፤ ቀስ ብሎ የሚሄደው ግን ያመልጠዋል። ቱቦው ደግሞ ፈጣኑን ውሃ ብዙውን ጊዜ ይስተዋል።

እንግዲህ በአንድ ማሳ ላይ ቱቦውና ሳፋው የተለያየ ቁጥር ቢሰጡ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ስለ ሌላ ውሃ መስክሯል። ስለሆነም በአንድ ጉድጓድ አንፍረድ፤ ከብዙ ቦታ፣ ከአንድ ዓይነት ጥልቀት እንቅዳ። ቱቦው ባዶ ከሆነም በመዝገቡ ላይ «ውሃ አልተገኘም» ብለን እንጻፍ እንጂ «ናይትሬት የለም» አንበል።

ለመወያያ፦
ሀ. በእኛ ማሳ ናሙና የሚወሰደው ከስንት ቦታ ነው?
ለ. ከናሙናው እስከ ሚዛኑ ስንት ሰዓት ያልፋል?
ሐ. ለገበሬው ምክር የምንሰጠው ስለ የትኛው ውሃ አውቀን ነው?