ነፍሰ ጡር ሯጭ፣ አራስ ሯጭ

መሮጥ ይቻላል ወይ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ሯጯ ራሷ ሳትሆን እናቷ ወይም ባለቤቷ ነው። «ሩጫው ያስወርዳታል» የሚል ስጋት አላቸው። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አልቀልድበትም፤ መልሱ ግን ከሚገምቱት የተለየ ነው። ጽንሱ በማኅፀንና በሽርት ውሃ ተከቦ ስለሚኖር ሶምሶማ አይጎዳውም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚያጋጥም ውርጃም ብዙ ጊዜ መነሻው የጽንሱ የክሮሞዞም ችግር ነው እንጂ እናትየው የሠራችው ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከማርገዟ በፊት ትሮጥ የነበረች፣ እርግዝናዋ ጤናማ የሆነና ክትትሏን ያላቋረጠች ሴት ሐኪሟን ወይም አዋላጇን አማክራ መቀጠል ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የሚከለክል የጤና ችግር የሌለባቸው ነፍሰ ጡሮችና የወለዱ እናቶች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ሮጣ የማታውቅ ሴት ግን በእርግዝናዋ ወቅት ሩጫ አትጀምር፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃታል።

ጨርሶ መሮጥ የሌለባቸውም አሉ። ደም እየፈሰሳት ያልቆመላት፣ የሽርት ውሃዋ የፈሰሰ፣ ያለ ጊዜው ምጥ የሚያሰጋት፣ እርግዝናው ገፍቶም የእንግዴ ልጁ የማኅፀን በር ላይ የተቀመጠባት፣ በእርግዝና ምክንያት ደም ግፊቷ የጨመረ፣ ከባድ የደም ማነስ ያለባት ሴት አትሮጥም። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሰዓቱን ትተው ትንፋሽዎን ያዳምጡ

በእርግዝና ወቅት የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ይህን ሁሉ ደም ለማዘዋወር ልብ ቁጭ ባሉበት እንኳ ከወትሮው ፈጠን ብላ ትመታለች። ለዚህ ነው የእጅ ሰዓቱ የሚያሳየው የልብ ምት የሚያሳስተው። የአሜሪካ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1985 የነፍሰ ጡር የልብ ምት በደቂቃ ከ140 እንዳይበልጥ መክሮ ነበር፤ በ1994 ራሱ ቁጥሩን ተወው። ዛሬም ግን እንደ ሕግ የሚጠቅሱት አሰልጣኞች አይጠፉም።

የተሻለው መለኪያ ወሬ ነው። ከጓደኛዎ ጋር እየሮጡ «ትናንት ገበያ ወጥቼ የሽንኩርቱን ዋጋ ስሰማ ደንግጬ ተመለስኩ» የሚለውን ሳያቋርጡ መናገር ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው። መሃል ላይ ሦስቴ ከተነፈሱ ይቀንሱ። ብቻዎን ከሆኑ ለራስዎ ያውሩ፤ መንገደኛው ቢያይዎትም ግድ የለም።

ወሩ እየገፋ ሲሄድ ሆድ ወደ ፊት ስለሚወጣ የሰውነት ሚዛን ይለወጣል፤ የእርግዝና ሆርሞኖችም መገጣጠሚያዎችን ያላላሉ። ሆድን ከሥር ደግፎ የሚይዝ ቀበቶ የሚረዳቸው አሉ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሩጫውን ወደ እርምጃ መለወጥም ሽንፈት አይደለም።

ከፍታ፣ ሙቀትና መሬት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ወደ 3,000 ይደርሳል። እዚህ ለኖረች ሴት ይህ ችግር አይሆንም። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለበዓል የመጣች ነፍሰ ጡር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ሰውነቷ ሳይለምድ መሮጥ አይመከርላትም። የተወለደችበት ከተማ ቢሆንም ሳንባዋ አሁን የቆላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእግር ትሂድ።

ሙቀት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያሳስባል፤ የሰውነት ሙቀት ከ39 ዲግሪ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ይገባል። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ እህቶች፣ በሙቀቱ ወራት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ካለ ትሬድሚል ውጭ አትሩጡ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ መውደቅ ነው። ዝናብ ያራሰው ኮብልስቶን፣ የባሕር ዛፍ ሥር፣ ቁልቁለት፣ እንደ ታላቁ ሩጫ ያለ ግፊያ፦ እነዚህን ከአምስተኛው ወር ጀምሮ ይተዉ።

አይረን፣ ቡናና ጾም

በእርግዝና ክትትል የሚሰጠውን አይረን ሯጮች ሊያቋርጡት አይገባም። ክኒኑን ከሻይና ከቡና ያራርቁት፤ ሁለቱም አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ከአቦል እስከ በረካ መጠጣትም ለነፍሰ ጡር ይበዛል። በጾም ሰዓት፣ ባዶ ሆድ አይሮጥም። በክርስትናም ሆነ በእስልምና ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ማቅለያ አለ፤ የንስሐ አባትዎን ወይም ዑለማውን ይጠይቁ።

ወዲያው የሚቆምባቸው ምልክቶች

ደም፣ የውሃ መፍሰስ፣ እየተመላለሰ የሚመጣ የሆድ ቁርጠት፣ የደረት ሕመም፣ ገና ሳይሮጡ የሚያጥር ትንፋሽ፣ ማዞር፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ እግር ባት ማበጥ ወይም መታመም። ከእነዚህ አንዱን ካዩ ሩጫውን አቁመው ጤና ተቋም ይሂዱ። «ነገ ይሻለኛል» አይባልም።

ከወሊድ በኋላ

የኔ ዋና ጭንቀት እዚህ ነው። በእርግዝናዋ ጊዜ ሁሉም «ተይ» የሚላትን ሴት ከወለደች በኋላ የሚያስቆማት የለም። ሆዷን ለማጥፋት ትቸኩላለች።

እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ በጥር 2007 ወልዳ በዚያው ዓመት ኅዳር የኒው ዮርክ ማራቶንን ማሸነፏ በየቦታው ይወራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልምምድ ጀምራ የጀርባዋ መጨረሻ አጥንት ተሰንጥቆ እንደነበር ግን ማን ይናገራል? የእኛዋ ጥሩነሽ ዲባባ በ2015 ወልዳ በ2016 ሪዮ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘች፤ በ2017 የቺካጎ ማራቶንን አሸነፈች። እኔ ለጀማሪዎች የምጠቅሰው የእሷን ነው።

በብሪታንያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በ2019 ያወጡት መመሪያ ከወሊድ በኋላ ሩጫ ከ12 ሳምንት በፊት እንዳይጀመር ይመክራል። 12 ሳምንት 84 ቀን ነው። ሴት ልጅ የወለደች እናት ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ ከምትቆይበት 80 ቀን ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው፤ ወንድ የወለደችዋ በ40 ቀኗ ብትወጣም ጡንቻዋ የልጁን ጾታ አይጠይቅም። በሥራ አዋጁ (1156/2011) ከወሊድ በኋላ የተፈቀደው 90 ቀንም ከዚሁ አይርቅም። አሮጊቶቹ አራስን አታንቀሳቅሱ ሲሉ ግን ሁሉንም አልቀበልም፤ ገንፎውና አጥሚቱ እንዳለ ሆኖ፣ ጤነኛ አራስ በቤት ውስጥና በግቢ ቀስ ብላ ብትራመድ ይጠቅማታል፤ እግር ላይ ደም እንዳይረጋም ይረዳል። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ከውጭ ቁስሏ ቢደርቅም ውስጡ ለመጠንከር ወራት ስለሚፈጅ የበለጠ ትታገሥ።

ማኅፀንን፣ የሽንት ፊኛንና አንጀትን ከሥር ደግፎ የያዘው የዳሌ ወለል ጡንቻ ነው፤ ወሊድ ያላላዋል። ማጠንከሪያው ቀላል ነው። ሽንትና አየር ለመያዝ እንደሚሞክር ሰው ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ስበው ጥቂት ሴኮንድ ይያዙና ይልቀቁ፤ እየተነፈሱ፣ መቀመጫዎን ሳያጠብቁ። እየሸኑ ግን አይለማመዱት። ሲስቁ ወይም ሲያስሉ ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ «የወለደች ሁሉ እንዲህ ነው» ብለው ዝም ይላሉ። ይህ የሚታከም ነገር ነው፤ ደፍረው ለባለሙያ ይናገሩ።

እቤት የሚሞከር ፈተና

12 ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ልጁ ሲተኛ ይሞክሩት። መጀመሪያ 30 ደቂቃ መራመድ መቻል አለብዎት። ከዚያ ጫማ አውልቀው፣ ከግድግዳ አጠገብ ሆነው፣ በአንድ እግር 10 ሴኮንድ ይቁሙ። በዚያው እግር 10 ጊዜ ጉልበትዎን አጥፈው ይነሱ፤ እግር ይቀይሩ። ቀጥሎ በቆሙበት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ በመጨረሻም በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ መዝለል። በዚህ ሁሉ መሃል ሕመም፣ የሽንት ማምለጥ ወይም ከሥር የሚጎትት ክብደት ከተሰማዎት ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው።

ካለፉ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ይጀምሩ። መጀመሪያ የሚጨመረው ደቂቃው ነው፤ ፍጥነቱ ይደርሳል።

ስለ ጡት

ሩጫ ወተት አያደርቅም፤ ወተቱንም አያበላሽም። ከመውጣትዎ በፊት ያጥቡ፤ ጡቱ ይቀልላል፣ ልጁም አያለቅስም። ጠበቅ ያለ የስፖርት ጡት መያዣ ያድርጉ፤ ሲመለሱ ውሃ ይጠጡ። ልጁን አዝሎ መሮጥ ግን የለም፤ አንገቱ አልጠናም፤ አያትየው ጋ ይቆይ።