ከፍ ያለ ግፊት ይዞ የመጣ ሕመምተኛ፦ ለድንገተኛ ክፍል ተረኞች

መለኪያው 210/120 ሲል አስታማሚው «ቶሎ አውርዱለት!» ይላል፤ ተረኛውም ይደነግጣል። መድኃኒት ከመንካታችሁ በፊት ግን ድጋሚ ለኩ። ጀርባውን ተደግፎ ይቀመጥ፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ይረፍ፣ ሽንቱ ከያዘው ሸንቶ ይመለስ። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ካፍ ከታሰረ ንባቡ ከእውነተኛው በላይ ይሆናል። ሁለቱንም ክንድ ለኩ።

ከዚያ የተጎዳ አካል ፈልጉ። ግራ ተጋብቷል? ዓይኑ ደብዝዞበታል? ፊቱ ተጣሟል? ደረቱን ያመዋል? በጀርባው ሲተኛ ትንፋሽ ያጥረዋል? ኢሲጂ አንሱ፤ ክሬቲኒንና ሽንት አስመርምሩ።

ምንም ካልተገኘ መርፌ አያስፈልገውም። ጸጥ ያለ ቦታ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ብዙዎቹ ኪኒናቸው ያለቀባቸው፣ «ተሽሎኛል» ብለው የተዉት ወይም ጸበል ገብተው ያቋረጡ ናቸው፤ ሳትቆጡ ጠይቁ። የሚዋጠውን መድኃኒቱን መልሱለትና በቀናት ውስጥ እንዲታይ ቅጠሩት።

ጉዳት ካለ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይጀመራል፤ በልክ ግን። የ210/120 አማካይ 150 ነው (የታችኛው ቁጥር ሲደመር የልዩነቱ ሲሶ)። በመጀመሪያው ሰዓት ከሩብ በላይ አይቀነስም፤ ማለትም ከ112 በታች አይወርድም። በቀጣዮቹ 2 እስከ 6 ሰዓታት ወደ 160/100፣ የቀረው በ24 እስከ 48 ሰዓት። ለዓመታት ከፍተኛ ግፊት የለመደ አንጎል የደም ሥሮቹን ለዚያ ግፊት አስተካክሏል። በድንገት ሲወርድበት ደም ያጥረዋል፤ በእግሩ የመጣ ሰው በእጃችን ላይ ስትሮክ ይመታዋል። ስለዚህ የኒፌዲፒን ካፕሱል በስታችሁ ምላስ ሥር አትጨምቁ። በ1996 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ሐኪሞች ይህ ልማድ እንዲቆም ጠይቀዋል፤ ምን ያህል እንደሚያወርድ አስቀድሞ አይታወቅምና። ሃይድራላዚንም ቢሆን ለመሥራት እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ «አልሠራም» ብላችሁ ወዲያው አትድገሙ።

ከዚህ ልክ የሚወጡ አሉ። በረጋ ደም ስትሮክ የመታው ሰው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ካልተሰጠውና ሌላ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ፣ ግፊቱ ከ220/120 እስካላለፈ አይነካም። ደረትና ጀርባን የሚቀድ ሕመም ኖሮ የሁለቱ ክንድ ንባብ ከተራራቀ አዎርታ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ፍጥነት ያድናል፦ በ20 ደቂቃ የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች ይውረድ፤ ግን አስቀድሞ እንደ ላቤታሎል ባለ መድኃኒት የልብ ምቱ ከ60 በታች ይሁን። ሃይድራላዚን ልብን ስለሚያስሮጥ ለዚህ አይሆንም።

ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ከሆነች 160/110 ራሱ አደጋ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላም ካልወረደ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ መድኃኒት ትጀምር፦ ሃይድራላዚን 5 ሚሊ ግራም ቀስ ተብሎ በደም ሥር፣ ወይም ኒፌዲፒን 10 ሚሊ ግራም ተውጦ። ከ140/90 በታች ግን አታውርዱባት፤ ለፅንሱ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ማግኒዚየም ሰልፌት ለብቻው ይታዘዝላት፤ መንቀጥቀጥን ይከላከላል እንጂ የግፊት መድኃኒት አይደለም።